በትርና መቃብር፤ ስለ ጥንታዊት ግብጽ የቀብር በትሮችና ስለ ደረስጌ መቋሚያ

የሕዝብን ልማድ የሚመረምር ሰው ከሚያጋጥሙት ፈተናዎች የበረታው የመልክ መመሳሰል ነው። በሩቅ አገር ያየው ዕቃ በአገሩ ካለው ዕቃ ጋር ቢመሳሰልበት፣ አንዱ የሌላው ልጅ ይመስለዋል፤ ልጅ መሆኑን ማስረዳት ባይችል እንኳ ወንድም እንዲሆንለት ይመኛል። የኢትዮጵያና የጥንታዊት ግብጽ ነገር በተነሣ ቍጥር ይህ ምኞት ሁለት መንገድ ይዞ ሲጓዝ እናያለን። አንደኛው ወገን በአገራችን ያለውን ሁሉ ከዓባይ ወንዝ ግርጌ ያስመጣል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ በዓባይ ግርጌ የነበረውን ሁሉ ከአገራችን ይልካል። አካሄዳቸው ተቃራኒ ይምሰል እንጂ ጕድለታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ዕቃውን ይመለከታሉ፣ ዕቃውን የያዘውን ሰው ግን ምን ትሠራበታለህ ብለው አይጠይቁም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በትር ነው። በግብጽ መቃብሮች ውስጥ በወርቅ የተለበጡ፣ በቀለምና በጽሑፍ ያጌጡ የእንጨት በትሮች ከሙታን ጋር ተቀብረው ተገኝተዋል። ከዳባትና ከደባርቅ ወዲያ፣ በስሜን ተራሮች መካከል ባለችው በደረስጌ ደግሞ ሰው ሲሞት ደብተራዎች መቋሚያቸውን ይዘው ይቆማሉ። በዚያም በትር አለ፣ በዚህም በትር አለ፤ በዚያም ሞት አለ፣ በዚህም ሞት አለ። ስለዚህ መቋሚያ የፈርዖኖች ቅርስ ነው የሚል ቃል በጨዋታ መካከል ሲሰነዘር ይሰማል። ቃሉ ደስ ያሰኛል፤ ሲመረመር ግን አይጸናም። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱ በትሮች በመቃብር አፍ ላይ የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ብቻ አይደለም፤ ተቃራኒ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ግብጽን እንመልከት። በዚያ አገር በትር የሹመት ምልክት ነበር። በመቃብር ግድግዳ ላይ የተሳሉትና ከእንጨት የተቀረጹት መኳንንት አብዛኛውን ጊዜ ረዥም በትር በግራ እጃቸው ይዘው፣ አንድ እግራቸውን አስቀድመው፣ ቀጥ ብለው ቆመው ይታያሉ። ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው ማሪየት የተባለው ፈረንሳዊ በ1860 በሳቃራ ያገኘው የካአፔር የእንጨት ምስል ነው። ምስሉ ከአፈር ሲወጣ የቍፋሮው ሠራተኞች የመንደራቸውን ሹም ስለ መሰላቸው «ሼኽ አል በለድ» ብለው ጠሩት፤ እስከ ዛሬም የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው። የኛም አገር ባላገር ቢያየው ጭቃ ሹሙን ባስታወሰበት ነበር። ዛሬ በምስሉ እጅ የሚታየው በትር ግን የጥንቱ አይደለም፤ የጥንቱ ስለ ጠፋ በኋላ ዘመን የተተካ ነው።

በመካከለኛው መንግሥት ዘመን በትር በሥዕልና በምስል ብቻ ሳይወሰን በሬሳ ሣጥን ውስጥ ከሟቹ ጎን ይጋደም ጀመር። የኒውዮርክ የሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ቈፋሪዎች በ1907 በሊሽት ያገኙት የወይዘሮ ሰነብቲሲ መቃብር ለዚህ ምስክር ነው። ሴት ሆና ሳለች አጠገቧ ልዩ ልዩ በትሮችና ዘንጎች ተቀምጠውላታል። ይህም በሕይወቷ እንደ ሹም በትር ይዛ በአደባባይ ስለ ተመላለሰች አይደለም፤ ሟች ሁሉ ከአምላካቸው ከኦሲሪስ ጋር ተቈጥሮ እንደ ንጉሥ ይነሣል ተብሎ ይታመን ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ የመቃብር በትር ያለፈው ሕይወት ማስታወሻ ሳይሆን ለሚመጣው ሕይወት የተሰናዳ ስንቅ ነው። በብዙ ሣጥኖች የውስጥ ግድግዳ ላይም በትር ከጫማ፣ ከቀስትና ከጌጣ ጌጥ ጋር ተሰልፎ ተስሎ ይገኛል፤ የተሳለው ለሟቹ እንደ እውነተኛው እንዲያገለግለው ነው።

የበትር ብዛት ከመጠን ያለፈው ግን ሃዋርድ ካርተር በ1922 ባገኘው በንጉሥ ቱታንኻሙን መቃብር ውስጥ ነው። ሙሉውና ስባሪው አንድ ላይ ሲቈጠር 130 ያህል በትር ወጥቷል። በወርቅ የተለበጠ አለ፤ ከዞጲ የተሠራ አለ፤ በዛፍ ቅርፊት ኅብር የተለጠፈ አለ፤ በጢንዚዛ ክንፍ የሚያብረቀርቅም አለ። በአንዳንዶቹ ቈልማማ ጫፍ ላይ የእስያና የኑብያ ምርኮኞች ተቀርጸዋል፤ ንጉሡ በትሩን ይዞ በተራመደ ቍጥር የጠላቶቹ ፊት ወደ ምድር ተደፍቶ አቧራ እንዲልስ ታስቦ ነው። ከዚህ ሁሉ ትዕቢት መካከል አንድ ሸንበቆ ይገኛል፤ ንጉሡ በገዛ እጁ የቈረጠው መሆኑ ተጽፎበታል። እንደ እኔ አስተያየት ከምርኮኞቹ ቅርጽ ሁሉ ይህ ሸንበቆ ይበልጣል፤ ገና በልጅነቱ የነገሠ ሰው ከወንዝ ዳር ሸንበቆ ሲቈርጥ ማየት ከወርቁ ይልቅ ወደ ሰውነቱ ያቀርበናልና።

ስለ እነዚህ በትሮች በቅርብ ጊዜ የተሰጠ አንድ ትርጓሜ ትችት ያሻዋል። በ2010 በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የንጉሡን አስከሬን መርምሮ እግሩ በሽተኛ እንደ ነበረ ከገለጸ በኋላ፣ በመቃብሩ የተገኙት በትሮች ለመደገፊያ ያገለግሉት እንደ ነበረ ማስረጃ አድርጎ አቀረባቸው። የሕክምናውን ነገር ለሐኪሞች እንተወው። እግሩን የሚያመው ሰው ግን አንድ ወይም ሁለት ምርኩዝ ይበቃዋል እንጂ መቶ ሠላሳ አያስፈልገውም፤ እግራቸው ደኅና የነበረ ሹማምንትም ከበትራቸው ጋር ተቀብረዋል። በ1906 በደይር ኤል መዲና ሳይነካ የተገኘው የሥራ አዛዡ የካ መቃብር፣ ዕቃው ዛሬ በቱሪን ቤተ መዘክር የሚታየው፣ የራሱ በትሮች ነበሩት፤ እንዲያውም ከመካከላቸው የሌላ ሰው ስም የተጻፈባቸው አሉና የወዳጅ ስጦታ ሳይሆኑ አይቀሩም። በግብጽ ምርኩዝና በትረ ሹመት በመልክ ይቀራረቡ እንደ ነበረ አሊ ሐሰን ስለ ፈርዖኖች ዘመን በትሮች በ1976 በጀርመንኛ ያሳተመውን ሰፊ ጥናት የተመለከተ ይረዳዋል። መልክን ብቻ ይዞ ሥራን መገመት የሚያደርሰው እንዲህ ካለው ስፍራ ነው። በግብጽ ጥናት ውስጥ እንኳ እንዲህ ካሳሳተ፣ ከግብጽ እስከ ስሜን ተራራ ሲሳብ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል አንባቢ ይገምተው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የበትር ስም ነው። በግብጻውያን ጽሕፈት የበትር ሥዕል «መዱ» ተብሎ ይነበባል፤ በዚሁ ሥዕል «ቃል» እና «ንግግር» ማለትንም ይጽፉበታል። ጽሕፈታቸውን «የአምላክ ቃል» ብለው ሲጠሩት በዚሁ በበትር ምልክት ይጽፉት ነበር። ነገሩ የድምፅ መገጣጠም ብቻ ነው ቢባል አልከራከርም። ነገር ግን በትር በያዘ ሹም አገር ቃሉ የሚሰማው በትር የያዘው ሰው ነውና፣ በትሩን ይዞ የተቀበረው ሟች ቃሉንም ይዞ እንደ ተቀበረ መገመት ከእምነታቸው የራቀ አይሆንም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2350 ግድም በንጉሥ ኡናስ ፒራሚድ ውስጥ የተቀረጹት ጽሑፎች ሟቹን ንጉሥ በኦሲሪስ ዙፋን ላይ ያስቀምጡታል፤ በትረ መንግሥቱን ጨብጦ ሕያዋንን እንዲያዝ ያደርጉታል። በግብጽ ሟች ይናገራል፣ ሟች ያዛል፣ ሟች ይቆማል። በትሩም የእሱ ነው።

የእንጨቱን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ግብጻውያን «ሀብኒ» ይሉት የነበረው ጥቍር እንጨት፣ የአውሮፓውያን «ኢቦኒ» የሚለው ስም የመጣበት፣ እኛ ዞጲ የምንለው ነው። ይህን እንጨት ከደቡብ አገሮች ያስመጡት ነበር፤ ንግሥት ሐትሸፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት ወደ ፑንት ስለ ላከችው ጕዞ በደይር ኤል ባሕሪ ከተቀረጸው ታሪክ ውስጥም ይገኛል። በ2020 የታተመ ጥናት ደግሞ በግብጽ መቃብር የተገኙ የዝንጀሮ አስከሬኖችን መርምሮ የአንዳንዶቹን ትውልድ ዛሬ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ ወደሚባሉት አገሮች አካባቢ አቅርቦታል። እንግዲያው ከፈርዖኖቹ በትሮች የአንዳንዱ እንጨት ከእኛ ወገን ሄዶ ይሆናል ቢባል ነገሩ አይገርምም። ነገር ግን እንጨት የሸጠ ሰው የገዢውን ሃይማኖት አይወርስም፣ የራሱንም አያወርስም። የንግድ መንገድ መኖሩን ማስረዳትና የእምነት መንገድ መኖሩን ማስረዳት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያውን የፈጸመ ሁለተኛውን እንደ ፈጸመ ሊቈጠርለት አይገባም።

ግብጽ ወደ ደረስጌ የገባችበት መንገድ ቢፈለግ ይገኛል፤ የፈርዖን መንገድ ግን አይደለም። የስሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በ1841 መልእክተኞች ወደ ግብጽ ልከው አቡነ ሰላማን አስመጡ። ደረስጌ ማርያምንም ያሠሩት እሳቸው ናቸው፤ አሳባቸውም በዚያ ለመንገሥ ነበር ይባላል። ነገር ግን የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. በደረስጌ በተደረገው ጦርነት በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ድል ሆኑ፤ በሦስተኛው ቀን፣ የካቲት 5፣ እሳቸው ያስመጧቸው ጳጳስ እሳቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካሣን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ብለው ቀቡ። በስሜን ተራራ ላይ የቆመው ግብጻዊ እንግዲህ የእስክንድርያ መንበር ሰው ነው። በቅብጦች ቤተ ክርስቲያንም ረዥሙን ጸሎት ቆመው የሚያደርሱ ሰዎች በምርኩዝ የመደገፍ የቈየ ልማድ ነበራቸው። ለመቋሚያ በውጭ አገር ዘመድ ይፈለግለት ከተባለ፣ ፈላጊው ከነገሥታቱ መቃብር በፊት የመነኮሳቱን ገዳም ደጅ ቢመታ ይሻለዋል።

ወደ በትሩ እንመለስ። የአማርኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ ባለጠጋ ነው፤ ለእያንዳንዱ በትር እንደ ሥራው ስም ሰጥቶታል። ምርኩዝ የደከመው ሰው ይደገፈዋል፤ በዱላ ይማቱበታል፤ ጎመድ አጭርና ወፍራም ነው፤ ሽመል ረዥምና ቀጥ ያለ ነው፤ ከዘራ እጀታው ቈልመም ብሎ ለሽማግሌ ክብር ይሆናል፤ አንካሴ ከጫፉ ብረት የተዋደደበት የመንገደኛ ጓደኛ ነው፤ በአርጩሜ ሕፃን ይቀጣበታል። ይህን ሁሉ «ስቲክ» በሚል አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጠቅልሎ የሚመዘግብ የውጭ አገር ሰው ምን ያህል ነገር ከእጁ እንደሚያመልጠው አያውቅም። መቋሚያ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ስሙን ከመልኩም ሆነ ከእንጨቱ ሳይሆን ከመቆም በማግኘቱ ነው። ቁመቱ ረዥም፣ ራሱ አግድም የሆነ፣ ራሱም ከእንጨት፣ ከቀንድ፣ ከብረት ወይም ከነሐስ የሚሠራ ሲሆን፣ ደብተራው በማሕሌት ጊዜ ይደገፍበታል፤ በዝማሜ ጊዜ ያወዛውዘዋል፤ ምድርንም ይመታበታል። መምህራን እንቅስቃሴውን የጌታን መከራ፣ ወዲያና ወዲህ መገፋቱን እያሰቡ ይተረጕሙታል።

ሰው በሞተ ጊዜ የሚሆነውን የማያውቅ አንባቢ የለም፤ ነገር ግን በዚህ ዐይን ተመልክተነው አናውቅም። ሬሳው በመጽሐፈ ግንዘት ሥርዓት ተገንዞ፣ በሰሌን ተጠቅልሎ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በመንገድ ሰባት ጊዜ ያርፋል፤ በየምዕራፉም ይጸለይለታል። ለታላቅ ሰው ወይም ለሊቅ ሲሆን መዋሥዕት ይቆማል። ይህን ዜማ ለመማር ተማሪው ጋይንት ወርዶ ዙር አባ ድረስ ይሄዳል፤ የአቋቋሙ ትምህርት ደግሞ በጎንደር በአታ ይጸናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሟቹ ይተኛል፣ መቋሚያው ይቆማል። ጸሎቱ ሲፈጸም ሟቹ ወደ መቃብር ይወርዳል፤ መቋሚያው ወደ ቅኔ ማሕሌት ተመልሶ በግድግዳ ይደገፋል። በነጋታው ሌላ ሰው ያነሣዋል። በቤተ ክርስቲያን ያለ መቋሚያ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ንብረት አይደለምና፣ ትናንት አንዱ ሊቅ የቆመበትን ዛሬ በራሱ በዚያ ሊቅ ፍትሐት ላይ ሌላው ሊቆምበት ይችላል። የግብጹ በትር የባለቤቱ ስምና ማዕረግ ይጻፍበታል፤ የኛው መቋሚያ ጌጥ ቢኖረው ጌጡ ራሱ ላይ ነው፤ ስም ግን አይጻፍበትም።

ቋንቋችንም ነገሩን ይመሰክራል። አማርኛ የሞተውንና የቀረውን ሲለይ «ሟች» እና «ቋሚ» ይላል። ሕያው የሚባለው የቆመው ነው። እንግዲህ መቋሚያ የቋሚው መሣሪያ ነው፤ ለሟች መስጠት በቃሉ ባሕርይ እንኳ አይስማማም። ግብጻዊው ሟቹ እንዲቆም በትር አብሮት ያስቀምጣል፤ የስሜን ሰው ሟቹ ከእንግዲህ ለራሱ መቆም ስለማይችል ሌላ ሰው ስለ እሱ ይቆምለታል። በአንደኛው አገር ሟቹ ሕያዋንን ያዛል፤ በሁለተኛው ሕያዋን ስለ ሟቹ ይማልዳሉ።

በቀድሞ ዘመን በነበረው የትልልቅ ሰዎች ለቅሶም ያው ሥርዓት ይታያል። የሟቹ ጋሻና ጦር፣ ጠመንጃውና ልብሱ ወደ ለቅሶው አደባባይ ይወጣል፤ ፈረሱ ተጭኖ ይሳባል፤ አልቃሿም በዕቃው እያመለከተች ሙሾ ታወርዳለች። የግብጽን መቃብር ያየ ሰው ይህን ሲመለከት ዕቃው ሁሉ ወደ ጕድጓድ የሚወርድ ሊመስለው ይችላል። አይወርድም። ዕቃው ለጥቂት ሰዓት በሟቹ ቦታ ከቆመ በኋላ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ወራሽ ይረከበዋል፤ ፈረሱም ሣሩን ይግጣል።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ሊነሣ ይችላል። በአገራችን ከሟች ጋር የሚቀበር ነገር አለ፤ ልፋፈ ጽድቅ ነው። ይህን መጽሐፍ ዋሊስ በጅ የተባሉት እንግሊዛዊ ሊቅ በ1929 ከነትርጕሙ ሲያሳትሙት «የኢትዮጵያ የሙታን መጽሐፍ» የሚል ስም ሰጥተውታል። በጅ በብሪትሽ ሙዚየም የግብጽና የአሦር ጥንታዊ ዕቃዎች ሹም የነበሩ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ የግብጽን የሙታን መጽሐፍ ሲተረጕሙ ስለ ኖሩ፣ ከሟች ጋር የሚቀበር ጽሑፍ ባዩ ጊዜ ወዲያው ግብጽን ማየታቸው አይደንቅም። ለግእዝ ጥናት ያደረጉት አገልግሎት የሚናቅ አይደለም፤ ስሙ ግን አሳሳች ነው። የልፋፈ ጽድቅ ኃይል በአምላክ ስሞች ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ስሞቹን ጌታ ለእመቤታችን እንደ ገለጸላት ይተርካል፤ ሟቹም ምሕረት ይለምንበታል እንጂ አያዝበትም። ደግሞም ሰው በሕይወቱ ሳለ በአንገቱ ይይዘዋል። ሊቃውንት ከአስማት መጻሕፍት ቈጥረው የሚነቅፉት መሆኑም አይዘነጋም።

ይሁን እንጂ የበጅን ንጽጽር ስንነቅፍ አንድ ነገር እናተርፍበታለን። በግብጽ በትርና ቃል በአንድ ምልክት ተጽፈው አብረው ወደ መቃብር ወረዱ። በኛ አገር ሁለቱ በመቃብሩ አፍ ላይ ይለያያሉ፤ ቃሉ በብራና ተጠቅልሎ ከሟቹ ጋር ይወርዳል፣ በትሩ ከቋሚው ጋር ይቀራል። ከመመሳሰል ይልቅ ይህ መለያየት ለባህል ተመራማሪ የሚበልጥ ትምህርት አለው ብዬ አምናለሁ።

በኢትዮጵያ ውስጥ ለሟች ተብሎ የተቀረጸ እንጨት ማየት የሚፈልግ ሰው ከስሜን ይልቅ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኮንሶ መሄድ አለበት። በዚያ ጠላት ወይም አስፈሪ አውሬ የገደለ ጀግና ሲሞት «ዋካ» የሚባል የእንጨት ምስል ይቆምለታል፤ በጎኑ ሚስቶቹ፣ ከፊቱም የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች ይደረደራሉ። ይህም ቢሆን ከመሬት በላይ ይቆማል እንጂ ከሟቹ ጋር አይቀበርም፤ አላፊ አግዳሚ እንዲያየው ነው። ኮንሶ በ2011 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበችባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ብዙ ዋካዎች ተሰርቀው ተሽጠዋል፤ ከሌባ እጅ የተመለሱት ደግሞ በኮንሶ ቤተ መዘክር ተጠልለዋል። ከሌሎች ጋር ተሰልፎ የቆመ ምስል ተነቅሎ ብቻውን ሲቀር የማን ሚስት፣ የማን ጠላት እንደ ነበረ ማን ሊናገር ይችላል?

መቋሚያም ይህ ዕጣ እየደረሰበት ነው። በውጭ አገር ስማር ከአንድ ቤተ መዘክር የመስታወት ሣጥን ውስጥ መቋሚያ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ ዱላዎች ጋር ተደርድሮ «በትር፣ ኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት አይቻለሁ። ራሱ ተወልውሎ ያብረቀርቃል፤ ከየትኛው ደብር እንደ ወጣ፣ ማን እንደ ቆመበት አልተጻፈም። እንዲህ ያለውን ዕቃ ከፈርዖን በትር ጋር ማስተያየት ለማንም ቀላል ነው፤ ሁለቱም ዝም ብለዋልና። በደረስጌም ሆነ በሌላ ደብር ስለ መቋሚያ ሊመዘግብ የሚሄድ ተማሪ የእንጨቱን ዐይነትና ቁመቱን ከለካ በኋላ መቋሚያው በየትኛው በዓል እንደሚወጣ፣ በማን ፍትሐት ላይ እንደ ቆመ፣ ሰባሪውን ማን እንደሚጠግነው መጠየቅ ይኖርበታል። ከጠያቂነቱም በፊት እንጨቱን በእጁ ቢይዘው፣ ብዙ ሰው የተደገፈበት ስፍራ እንዴት እንደ ለሰለሰ ጣቱ ይነግረዋል።